ድልድዩ ብቻ ነው የቀረው

እናቴ የእኔን እግር የምትለካው በመንገድ ነበር። ሌላ እናት ልጄ ዳዴ አለች፣ ወፌ ቆመች ትላለች። የእኔዋ ግን አንገቴን ችዬ ቀና ያልሁ ዕለት «ከገዳሪፍ ወጣን» አለች አሉ። ያለ ደጋፊ የተቀመጥሁ ጊዜ ዶካ ደረስን። በክርኔ እየተሳብሁ ከአልጋው ሥር እስከ በሩ የወጣሁ ጊዜ ባሱንዳን አለፍን። ከዚያ ወዲያ ጋላባት አለ፤ ከጋላባት ወዲያ ድልድዩ፣ ከድልድዩ ማዶ መተማ፣ ከመተማ ሽቅብ ደግሞ በጭልጋ መንገድ ላይ ያለችው የአያቴ መንደር። ያን ድልድይ በዓይኔ ከማየቴ በፊት ጉልበቴ ውስጥ ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ጨዋታ ይመስል ነበር እንጂ ጨዋታ አልነበረም። ስለት ነበር። እናቴ ካገሯ የወጣችው በጦርነቱ ጊዜ፣ ገና የሙሽርነቷ ቅባት ከፀጉሯ ሳይደርቅ፣ ከአባቴ ጋር ነው። እኔን የወለደችኝ ሱዳን ውስጥ፣ ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ ባለ የስደተኞች ሰፈር ነው፤ ምጡ ጠንቶባት ነበር፣ እኔም ስወለድ አላለቀስሁም። እያደግሁ ስሄድ እግሮቼ እንደ መቀስ ይጣመሩ ጀመር፤ ተረከዜ መሬት አይነካም፤ አንዱን ጭን ከሌላው ለማላቀቅ ሰው ያስፈልጋል። የአገራችን ሰዎች ልክፍት ነው አሉ፣ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን ዓይን ነው አሉ። እናቴ ሁሉንም ሰማችና ጠበሉንም ክታቡንም ሞከረች። በመጨረሻ ለመንደሯ ታቦት ተሳለች። ልጄ በእግሯ እስክትሄድ ያገሬን አፈር አልረግጥም፤ በእግሯ የሄደች ዕለት ይዣት መጥቼ ደጅህን እስማለሁ አለች።

ሌላው ሰው ጧፍ ይሳላል፣ ጃንጥላ ይሳላል፣ በግ ይሳላል። እናቴ የገዛ እናቷን ተሳለች። አያቴ ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች፤ መኪና ከተገኘ ከእኛ ቤት እስከ እሷ ደጅ ሁለት ቀን የማይሞላ መንገድ ነው። እንዲህ ያለ ስለት ያኔ ማንም አልከለከላትም፣ ምክንያቱም ከቤት ውጭ ለማንም አልተናገረችም። ከአባቴና ኋላም ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የተወራ ስለት ይቀላል ትል ነበር።

መንግሥት ተለውጦ ሰላም ወረደ ሲባል የሰፈራችን ሰው እየተመዘገበ ይመለስ ጀመር። ትዝ ይለኛል፣ በእናቴ ጀርባ ላይ ሆኜ ሎሪዎቹን አይቻለሁ። ፍራሹ፣ ድስቱ፣ ዶሮው፣ የታጠፈው አልጋ ሁሉ ተጭኖ ሴቶቹ ከላይ ተቀምጠዋል። የጎረቤታችን ሴት ከሎሪው ላይ ሆና «ኧረ እቴ፣ ነይ ውጪ፣ እዚህ ምን ቀረሽ?» አለቻት። እናቴ «ሂዱ፣ እንደርስባችኋለን፣ ይች ልጅ ትንሽ ትጠንክርልኝ» አለች። አባቴ አጠገባችን ቆሞ ነበር። እሱ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ወደ መፋዛ የሚወርድ፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነበር። ሎሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ሰፈሩ ጭር አለ፤ እኛም ወደ ከተማው ጫፍ ገባን።

ከአያቴ ጋር የምንገናኘው በሰው አፍ ነበር። መተማና ገዳሪፍ የሚመላለስ፣ ገበያው ውስጥ ሱቅ ያለው አንድ ያገራችን እስላም ነጋዴ ነበረ፤ መልእክቱን እሱ ያመጣል፣ እሱ ይወስዳል። ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው። «ልጅቱን አምጭልኝና ልያት ብላለች» ይላል። እናቴም «ትንሽ ነው የቀራት በሉልኝ» ትላለች። እሱም እኔን ገረፍ አድርጎ አይቶ፣ ሻሽ ለጠየቀችው ሌላ ደንበኛ ዞር ይላል። ደግ ሰው ነበር፤ ያየውን ግን ያያል።

ስለ ሕክምናው የነገረችን አንዲት ሱዳናዊት ጎረቤት ናት። ከሐኪም ቤቱ ጓሮ አንድ ክፍል አለ፣ የልጆች እግርና እጅ ያፍታታሉ አለችን። ምንጣፍ፣ ትልቅ መስታወት፣ ሁለት ትይዩ የብረት መደገፊያዎች፣ ከአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ እንደ ግንድ ያለ ነገር፤ ዕቃው ይኸው ነበር። የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉትን ቶብ የለበሰች፣ ወፍራምና ሳቂታ ሴት ታሠራናለች። ዶክተር አለመሆኗን ራሷ ብትነግረንም እኛ «ዶክቶራ» ነበር የምንላት። የመጀመሪያውን ቀን ጨርቁ ግንድ ላይ እንደ ፈረሰኛ አንፈራጥጣ አስቀመጠችኝና ጭኖቼን ቀስ ብላ ማላቀቅ ጀመረች። እሪ አልሁ። «መዓለሽ፣ ያ ቢቲ» ትለኛለች፣ አይዞሽ ልጄ ማለቷ ነው፤ እጇ ግን አይለቅም።

እናቴ ሥራውን ቶሎ ያዘችው። ጠዋት ጠዋት በሙቅ ውሃ ታጥበኝና በሰሊጥ ዘይት አሽታኝ፣ ተረከዜን በመዳፏ ይዛ የእግሬን ጣቶች ወደ እኔ ትገፋለች። ከዚያ ጉልበት። ከዚያ ጭን። በገፋች ቁጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን የመንገዱ ስም አላውቅም። ዶክቶራም እጇን አይታ ከእኔ የተሻለ ታሠሪያታለሽ ብላታለች። አባቴ ከመፋዛ ሲመለስ ቀርከሃ አምጥቶ፣ ሐኪም ቤት ያየውን ዓይነት መደገፊያ ግቢያችን ውስጥ ተከለልኝ። ዶሮዎቻችን ወዲያው ወደዱት። ጠዋት ልቆም ስወጣ እነሱ ቀድመውኝ ተሰቅለው አገኛቸዋለሁ፤ እናቴም ከሥራ ውጭ በሆነ ጊዜ ልብስ ታሰጣበታለች።

የመጣ እንግዳ ሁሉ ታዲያ መደገፊያው መሀል ስንገዳገድ አይቶኝ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል። ይህን ተረት የሰማሁትን ያህል ስሜን የሰማሁ አይመስለኝም። የሚያስቀኝም የሚያናድደኝም እሱ ነበር፤ ዶሮዎቹ እዚያው አጠገቤ ናቸው፣ እንቁላላቸውንም አውቀዋለሁ፣ አንዱም ሄዶ አያውቅም። ከውስጡ የወጣችው ጫጩት ናት የሄደችው፣ እሷም ማንም ሳያሻት። ይህን አንድ ጊዜ ለአንዲት እንግዳ ብነግራት እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

ሁለቱን ቀርከሃዎች ይዤ ብቻዬን የቆምሁ ዕለት እናቴ እልል አለች። «ጋላባት ገባን!» አለች። ከዚያ ወዲያ ባለው ጊዜ ቤታችን ውስጥ የሚሰማው አንድ ቃል ነው፤ ድልድዩ ብቻ ነው የቀረው። እንግዳ ሲጠይቃት፣ ነጋዴው ሲጠይቃት፣ አባቴ ሳይጠይቃት። ድልድዩ ብቻ።

ጋላባት ላይ ቆየን። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ እኔ ቀርከሃ ይዤ እቆማለሁ፣ ስለቅ እወድቃለሁ። ዶክቶራ አንድ ቀን ከሥራው በኋላ እናቴን አስቀመጠቻት። የእናቴ ዓረብኛ ሽንኩርትና ሥጋ ይገዛል እንጂ ስለ ጅማት አያወራም፤ ስለዚህ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርሁ። ዘጠኝ ወይ ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው።

ዶክቶራ ቀስ ብላ ተናገረች፣ እኔም ቀስ ብዬ ወደ አማርኛ መለስሁት። ጉዳቱ እግሯ ላይ አይደለም፣ ስትወለድ ጭንቅላቷ ላይ የደረሰ ነው። ይኸ ሁሉ ማሳሳብ እግሯ ተቆልፎ እንዳይቀር ያደርጋል እንጂ ጉዳቱን አያጠፋውም። ልጅሽ ትሄዳለች፤ በክራንች ግን ነው። ስለ ሌላ ልጅ የማወራ ይመስል፣ ትርጉሙ እንዳይበላሽብኝ ብቻ ነበር የምጠነቀቀው።

«በእንጨት ነው የምትለው?» አለች እናቴ።

«አዎ፣ እማዬ።»

«እስከ መቼ? ጠይቂያት።»

ጠየቅኋት። ዕድሜ ልኬን ነው ወይ ብዬ በዓረብኛ የጠየቅሁት እኔው ነኝ። ዶክቶራ እናቴን ማየት ትታ እኔን አየችኝ። ራሴን በእጇ ዳበሰችና «አይዋ፣ ያ ቢቲ» አለችኝ። አዎ ማለቷ ነው፤ ይኸን እናቴም ሳልተረጉምላት ገባት። «እግዜር ይስጥልኝ በያት» አለችኝና ነጠላዋን አዙራ አዘለችኝ፤ ያን ጊዜ ለመታዘል ትልቅ ነበርሁ፣ እግሬ ከጉልበቷ በታች ይንጠለጠላል።

ክራንቹ ተሰጠን። እናቴ ቤት አምጥታ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለችው። የእሷ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ በእንጨት የሄደ ሰው በእግሩ ሄደ አይባልም፣ ታቦት ደግሞ አይታለልም። ዶክቶራን ስለምታከብራት ሐኪም ቤት ባለው ሌላ ክራንች እንድሠራ ትፈቅዳለች፤ ቤት ግን አይወርድም። እንዲህ ሆነና ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፣ ቤቴ ስመለስ እድሃለሁ። እዚያ መስታወቱ ፊት ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው ስመላለስ ዶክቶራ ታጨበጭባለች፤ ማታ ከልጆች ጋር ስጫወት ደግሞ ከአቧራው ሆኜ የሰዎችን ጉልበት አያለሁ። የሰፈሩ ልጆች «ያ ዓርጃ» ይሉኝ ነበር፣ አንቺ ሽባ እንደ ማለት ነው፤ እኔም ድንጋይ ለመወርወር እጄ አይታማም።

አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። «ታቦት እንዲህ ቂመኛ ነው እንዴ?» አላት። እናቴ ወጥታ የታጠበ ልብስ እንደገና ማጠብ ያዘች። እሱም ከዚያ በኋላ አላነሣውም።

ያያቴ መታመም የተሰማው ክረምት ላይ ነው። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ቤታችን ድረስ መጣ። ጥቁሩ አፈር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተለጥፎበት ነበር፤ ያን ጊዜ ገዳሪፍ ውስጥ ሰው የሚራመደው አፈሩን ተሸክሞ ነው። «አልጋ ላይ ናት» አለ። «ልጄን ሳላይ አልሙት ብላለች።» እናቴ መቀመጫ መስጠቱን እንኳ ረሳችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራችን በጧት የሚያልቅ መሆኑ ቀረ። ጠዋት ታሻኛለች፣ ቀትር ላይ ታሻኛለች፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ጭቃው ላይ ማዳበሪያ አንጥፋ ቀርከሃዎቹ መሀል ታቆመኛለች። «ልቀቂው» ትለኛለች። እለቃለሁ። እወድቃለሁ። «በርቺ እናቴ፣ ድልድዩ ብቻ ነው የቀረው።» እኔም ደግሞ እለቃለሁ። ማንም ሰው መሄድን እኔ በዚያ ክረምት የፈለግሁትን ያህል ይፈልጋል ብዬ አላምንም። ለራሴ አልነበረም፤ በእኔ ሁለት እግር ላይ ሁለት ሴቶች ተንጠልጥለዋል፣ አንዷ ከወዲህ አንዷ ከወዲያ። አንድ ቀን ምንም ሳልይዝ ቆሜ ቀረሁ። እናቴ እጆቿን ዘረጋች። ቀኝ እግሬን ላነሣ አሰብሁ፤ እግሬ ግን ግራውን ይዞ መጣና፣ እናቴ ልትይዘኝ ስትል ሁለታችንም ጭቃው ውስጥ ገባን። እናቴ ጭቃውን ከፊቴ ስትጠርግ ታለቅስ ነበር። እኔ ያኔ የተሰማኝ ሕመም አልነበረም፤ ያልተከፈተ በር ሆኜ መገኘቴ ነበር።

መርዶው የደረሰን ዝናቡ ሊያልቅ ሲል ነው። ጎረቤቶች ገና ሳይነጋ ተሰባስበው መጡ። እናቴ በሩ ላይ ስታያቸው ማንም አፉን ሳይከፍት ነው የጮኸችው። ድንኳን ተተከለ። ያገራችን ሴቶች ደረት እየመቱ አለቀሱ፣ ሱዳናውያኑም መዳፋቸውን ዘርግተው ፋቲሃ እያነበቡ ገቡ። እናቴ የምታወርደው ሙሾ አልነበራትም። «ትንሽ ነው የቀራት ብያት ነበር» ብቻ ትላለች።

በማግሥቱ ቄሱ መጡ፤ የከተማዋ ትንሽ ቤተ ክርስቲያናችን አገልጋይና የእናቴ የንስሐ አባት ናቸው። ጸሎት አድርሰው መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። እናቷን ሳታይ መቅረቷን ሰው ነግሯቸው ኖሮ «ልጄ፣ መንገዱ እንዲህ ቅርብ ሆኖ?» አሏት። እናቴ ያን ጊዜ ነው ስለቱን ያወጣችው።

ቄሱ እስከ መጨረሻው ሰሟትና «ልጅቱ ጭራሽ አትሄድም?» አሉ።

የመለሰው አባቴ ነው። «በክራንች ትሄዳለች፣ አባ። ሐኪም ቤት አይቻታለሁ። እንዲያውም ትፈጥናለች።»

ቄሱ መቋሚያቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡት። «እኔ ማኅሌት የምቆመው በምንድን ነው ታዲያ?» አሏት። «ይኸን ከብብቴ ቢወስዱብኝ ሌሊቱ ሳይጋመስ እወድቃለሁ። በእንጨት ተደግፈህ ነው ብሎ ጸሎቴን የመለሰብኝ የለም። መጥተሽ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

እናቴ መቋሚያውን አየችው። አናቱ በብብት ብዛት ለስልሶ ያበራ ነበር። ስንት እሑድ ከዚያ ፊት ቆማ እንዳስቀደሰች እግዜር ይወቀው።

«ይፈቱኛል ብዬ ፈራሁ» አለች።

«ብፈታሽስ?»

«ከፈቱኝማ፣ አትሄድም ማለት ነዋ።»

ቄሱ መቋሚያቸውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። እኔ ድንኳኑ ጥግ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ እናቴ እናቷን የሰጠችበት ነገር ምን እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ። ስለቱን መፍታት እኔን ተስፋ መቁረጥ መስሏት ነው። ንዴቴ ከዚያ ወዲህ ማንን እንደሚይዝ አጥቷል። በእሷ እንዳልቆጣ ለእኔ ነው ያደረገችው፣ በታቦቱ እንዳልቆጣ እሱ አልጠየቃትም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሁላችንም ነገር። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ እናቴ ወንበር ላይ ቆማ ክራንቹን ከቁም ሣጥኑ አወረደችው። አቧራውን በነጠላዋ ጠረገችና አጠገቤ አስቀመጠችው። አጥሮኝ ነበር፤ አባቴ ቁመቱን አስተካከለው።

መንገዱ ሲደርቅ ሦስታችን ተነሣን። ዶካን በመስኮት አየሁት፣ ባሱንዳንም አየሁት፤ ያሸነፍኋቸው አገሮች ነበሩ። እናቴ ግን ስማቸውን አልጠራችም። ጋላባት ወርደን ድልድዩ ጋ ስንደርስ «ይኸ ነው?» አልሁ። ከደረቅ ወንዝ በላይ የተዘረጋች አጭር ድልድይ ናት፤ ፍየል ይሻገራል፣ ተሸካሚ ይሻገራል፣ ወሬ የያዙ ሴቶች ሳያዩት ይሻገራሉ። አንድ ወታደር መንገድ ልቀቂ ብሎ እጁን አወናጨፈብኝ። ክራንቼን ተክዬ፣ እግሬን አስከትዬ፣ ደግሞ ተክዬ ተሻገርሁ። ላብ እንኳ አላላበኝም። ዶክቶራ ክፍል ውስጥ ከዚያ የበለጠ ሄጄ አውቃለሁ። እናቴ መሀሉ ላይ ቆማ ስታየኝ ነበር፤ ማዶ ደርሼ ስዞር ገና እዚያው ናት፣ አባቴ ክንዷን ይዞ አሻገራት።

አያቴ መንደር ስንደርስ መጀመሪያ የሄድነው መቃብሩ ጋ ነው። አፈሩ ገና አልጠነከረም ነበር። እናቴ ተንበርክካ «እምዬ፣ በእግሯ መጥታለች» አለቻት፤ ልጅ የተላከበትን አድርሶ እንደሚመልስ ዓይነት አነጋገር ነው የተናገረችው። እኔ ክራንቼን ተደግፌ ቆሜ፣ ዘወር ብዬ ማልቀስ ስፈልግ መዞር አቃተኝ።

ቤት ስንገባ አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ ከምሰሶው ላይ አንቀልባ አወረደች። የተለፋ ቆዳ ነው፣ ጠርዙ በዛጎል የተሰፋ። የእኔ መወለድ የተሰማ ጊዜ አያቴ ያሠራችው ነው፤ በሰው እጅ አልልከውም፣ ራሴ አስሬባት አዝላታለሁ ብላ አስቀመጠችው። ቆዳው እንዳይደርቅ በየዓመቱ ቅቤ ትቀባው ነበር። አሁንም ልስልስ ነው።

እናቴ «ትሄዳለች ብላ ነበር የምትጠብቀን?» ብላ ጠየቀች።

«እንደማትሄድ ታውቅ ነበር እኮ» አለች አክስቴ። «ነጋዴው ገና ድሮ ነግሯታል። እግሯ ምን ይሠራልኛል፣ አዝላ ታምጣልኝ ትል ነበር። አምጭልኝ እያለች ስንት ጊዜ ላከችብሽ።»

እናቴ እኔን አዝላ ያልሄደችበት የገዳሪፍ መንገድ የለም። ገበያ አዝላኝ ሄዳለች፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሐኪም ቤት፣ ጀርባዋ እስኪጎብጥ። አንቀልባውን ተቀብላ ጀርባዋ ላይ አደረገችው፣ ጠፍሩንም ደረቷ ላይ አሰረችው፤ ከዚያ እንዲሁ ቆመች። አክስቴ ልታወርድላት እጇን ስትዘረጋ «ተይኝ እስቲ» አለቻት።

አሁን እናቴ የለችም። ዶክቶራም ጡረታ ወጥታለች። እኔ እዚያው ገዳሪፍ ነኝ፣ በክራንቼ ገበያ እወርዳለሁ፣ ሪክሻ የሚሉትን ባጃጅ ስይዝ አስቀድሜ ክራንቼን እጭናለሁ። ይቆጨኛል፤ የሚቆጨኝ በእግሬ አለመሄዴ አይደለም፣ ወደ አያቴ ሳንሄድ መቆየታችን ነው። አንቀልባው ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በየዓመቱ ክረምቱ ሲያልፍ አውርጄ ቅቤ እቀባዋለሁ። ልጅ እስከ ዛሬ ታዝሎበት አያውቅም።